ከ55 በኋላ የሚገዛ ሞተር ሳይክል፦ ክብደቱ ከጉልበቱ ይቀድማል

በአሜሪካ የሞተር ሳይክል ባለቤቶች መካከለኛ ዕድሜ በ1990 32 ዓመት ነበር። የአገሪቱ የሞተር ሳይክል ኢንዱስትሪ ምክር ቤት በ2018 ባደረገው ዳሰሳ 50 ደርሶ ተገኘ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ28 ዓመት ውስጥ 18 ዓመት ጨመረ ማለት ነው። ከኋላ የሚተካው ወጣት ሲሳሳ፣ የቀደሙት እዚያው ኮርቻቸው ላይ ሆነው ሸመገሉ። በጃፓንም አዲስ ሞተር የሚገዛው ሰው አማካይ ዕድሜ 50ን ካለፈ ቆይቷል። ዛሬ ትልልቆቹ አምራቾች ውድ ውድ ሞተሮቻቸውን የሚሠሩት ልጆቹን አሳድጎ፣ ዕዳውን ከፍሎ፣ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ዓመታት የቀሩትን ሰው እያሰቡ ነው።

ይህ ሰው ሐሳቡን ቤቱ ውስጥ ሲያነሣ የሚገጥመው ግን ሌላ ነው። ሚስት "በዚህ ዕድሜህ?" ትላለች። ልጆች የአደጋ ቪዲዮ ይልካሉ። የሥራ ባልደረባ "ካረጁ አይበጁ" ብሎ ይቀልዳል። ሻጩ ደግሞ በተቃራኒው "እርስዎ ገና ጎረምሳ ነዎት" ይለዋል። ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት ስለ ዕድሜ ነው፤ ስለ ሞተሩ የሚያነሣ የለም። በእኔ ግምት ነገሩን አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸው ምርጫው ነው፦ ለዓመታት የተመኙትን ትልቅና ከባድ ሞተር፣ ገንዘቡ በተገኘበትና ጉልበት መክዳት በጀመረበት በዚያው ሰሞን መግዛት።

ቁጥሮቹ የሚሉትና የማይሉት

አደጋ የለም ብሎ መሸፋፈን አይቻልም። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣን በሚያወጣው ስሌት መሠረት፣ እኩል ርቀት ቢጓዙ ሞተር ነጂ በመኪና ውስጥ ካለ ሰው ይልቅ የመሞት ዕድሉ ከ20 እጥፍ በላይ ነው። ይህ ሁሉንም ዕድሜ የሚያጠቃልል ቁጥር ነው። በዕድሜ ሲከፈል ሥዕሉ ተቀይሯል። በ1975 በአሜሪካ በሞተር አደጋ ከሞቱት አሥር ሰዎች ስምንቱ ከ30 ዓመት በታች ነበሩ፤ 50 እና ከዚያ በላይ የሆናቸው 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። በቅርብ ዓመታት ግን ከሟቾቹ ሲሶ ያህሉ 50ን ያለፉ ናቸው።

ይህን አይቶ "ሽማግሌ መንዳት አይችልም" ማለት ግን ጥድፊያ ነው። 50ን ያለፈ ነጂ ሲበዛ በሟቾች ዝርዝርም ድርሻው መብዛቱ አይቀርም። ለገዢ ይበልጥ የሚጠቅመው በ2013 ከብራውን ዩኒቨርሲቲ የወጣው ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ከ2001 እስከ 2008 በአሜሪካ ድንገተኛ ክፍሎች የታከሙ ሞተር ነጂዎችን መረጃ አገላበጡ። 60 እና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሰዎች በ20ዎቹና በ30ዎቹ ዕድሜ ካሉት ይልቅ ለከባድ ጉዳት የመዳረግ ዕድላቸው ሁለት ተኩል እጥፍ፣ ሆስፒታል የመተኛት ዕድላቸው ደግሞ ሦስት እጥፍ ሆኖ አገኙት።

ልብ በሉ፤ ይህ ጥናት የሚናገረው ማን ቶሎ እንደሚወድቅ አይደለም። ከወደቁ በኋላ የሚሆነውን ነው። ወጣቱ አቧራውን አራግፎ የሚነሣበት አወዳደቅ የ62 ዓመቱን ሰው ጎድን ይሰብራል። የተሰበረ ጎድን በደንብ አያስተነፍስም፤ በዚያ ዕድሜ ደግሞ በደንብ ያልተነፈሰ ሳንባ ለሳንባ ምች ይጋለጣል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጭንቅላቱን ሲመታ፣ ከውጭ ቀላል የመሰለው ምት ውስጥ ውስጡን ደም ሊያፈስ ይችላል። ስለዚህ የአዛውንት ነጂ ሒሳብ ከወጣቱ ይለያል። ትልቁን አደጋ ብቻ ሳይሆን ትንሹንም፣ ማንም የማይቆጥረውን ቆሞ መውደቅ ጭምር ማስቀረት አለበት።

ሦስት ዓይነት ገዢ

በዚህ ዕድሜ ሞተር የሚገዙት ሦስት ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ ምክሩም ለሦስቱ አንድ አይሆንም። አንደኛው ከወጣትነቱ ጀምሮ ሳያቋርጥ የነዳ ነው። ለእሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሰውነቱ የሚነግረውን ሲሰማ የኖረ ሰው ነው። ሁለተኛው ከዚህ በፊት መሪ ጨብጦ የማያውቅ ጀማሪ ነው። ቤተሰብ ሁሉ የሚሰጋው ለዚህኛው ቢሆንም፣ እኔ ያን ያህል አልሰጋለትም። ስለሚፈራ ይማራል፤ አለማወቁን ስለሚያውቅ ትንሽ ሞተር ቢሰጡት አይከፋውም።

አሳሳቢው ሦስተኛው ነው፦ በ20ዎቹ ዕድሜው ነድቶ፣ ትዳርና ልጅ ሲመጣ ሸጦ፣ ከ25 ወይም ከ30 ዓመት በኋላ የሚመለሰው። እጁና እግሩ አልረሱም። ፍሪሲዮን ሲለቅ፣ ማርሽ ሲቀይር ትናንት ያቆመው ይመስለዋል። ገና በመጀመሪያው ሰዓት "ይኸው፣ አልጠፋብኝም" ይላል። እውነቱን ነው፤ ሞተሩን የማንቀሳቀስ ልማድ አልጠፋበትም። የጠፋበት ሌላ ነው። ከመገናኛ መንገድ ሊወጣ ያሰበን መኪና ከሩቅ መጠርጠር፣ በድንጋጤ ጊዜ የፊት ፍሬኑን በልክ መጭመቅ፣ ኩርባ ውስጥ ሲሰፋበት ዐይኑን ከሚፈራው ነገር አንሥቶ ወደ መውጫው መላክ፤ እነዚህ ካልተሠራባቸው የሚደርቁ ችሎታዎች ናቸው። መድረቃቸው የሚታወቀውም በሚያስፈልጉበት ቅጽበት ነው።

ሞተሩም የድሮው አይደለም። በ1969 ለገበያ የወጣው ሆንዳ ሲቢ750 ዓለምን ጉድ ሲያሰኝ 67 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ዛሬ 1000 ሲሲ የሆነ የውድድር ዓይነት ሞተር ከ200 የፈረስ ጉልበት ያልፋል። ለረጅም ጉዞ የሚሠራው ቢኤምደብሊው አር1300 ጂኤስ እንኳ 145 አለው። ድሮ ጋዙን እስከ መጨረሻው ጠምዝዞ የነዳ ሰው ያንኑ የእጅ ልማድ ይዞ ከዛሬዎቹ ፈጣኖች አንዱ ላይ ቢወጣ፣ በሦስት ሰከንድ ገደማ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ይገኛል።

ዐይን፣ እጅና ግማሽ ሰከንድ

ከሁሉ ቀድሞ የሚደክመው ዐይን ነው። የዐይን ብሌን እያነሰች፣ ሌንሱም ወደ ቢጫ እያደላና እየደፈረሰ ስለሚሄድ፣ በ60 ዓመት ሰው ዐይን ውስጥ ዘልቆ የሚገባው ብርሃን በ20 ዓመት ወጣት ዐይን ከሚገባው ሲሶ ያህሉ ነው። ቀን ላይ ይህ አይታወቅም። ሲመሽ ከፊት በሚመጣ መኪና መብራት የተመታ ዐይን ወደ ጨለማው ለመመለስ ጊዜ ይወስድበታል። በመኪና ውስጥ ሲሆን ያበሳጫል፤ በሁለት ጎማ ላይ ሲሆን ግን መንገዱ ላይ የፈሰሰውን ጠጠር ሳያዩት ይገባሉ። በዚህ ዕድሜ የሌሊት ጉዞን ጨርሶ መተው ከሚገዛው መሣሪያ ሁሉ የበለጠ ሰውን ይጠብቃል ብዬ አምናለሁ፤ ምንም ወጪም የለበትም።

ቀጥሎ የምላሽ ፍጥነት አለ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ይሸፍናል። አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ ግማሽ ሰከንድ የዘገየ ሰው፣ ፍሬኑ ገና ሥራ ሳይጀምር 14 ሜትር ተጨማሪ ሄዷል። በ60 ቢሆን ኖሮ ያው ግማሽ ሰከንድ የሚያስከፍለው 8 ሜትር ገደማ ነበር። ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ ያለው ርቀትም ከፍጥነቱ በላይ ያድጋል፤ ፍጥነት በሁለት ሲባዛ ማቆሚያው በአራት ይባዛል። ዕድሜ የወሰደውን ግማሽ ሰከንድ ማንም አይመልሰውም። ረጋ ብሎ በመንዳትና ከፊት ካለው ተሽከርካሪ በመራቅ ግን ማካካስ ይቻላል። ይህን የገባው አዛውንት ከቸኮለ የ25 ዓመት ወጣት ይልቅ ከአደጋ የራቀ ነው።

ሌሎቹ አነስ ያሉ ነገሮች ናቸው፤ ሲደራረቡ ግን ቀላል አይደሉም። አንገቱ እንደ ልብ የማይዞርለት ሰው ስፔኪዮ የማያሳየውን ጎን አያይም። ቁርጥማት ያለበት ጣት በተጨናነቀ መንገድ ላይ ፍሪሲዮን ሲይዝ ሲለቅ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይደነዝዛል። አንዳንድ የአለርጂ መድኃኒት እንቅልፍ ያመጣል፤ የደም ግፊት መድኃኒት በሙቀትና በውኃ ጥም ላይ ሲጨመር ሊያዞር ይችላል፤ ዕድሜው የገፋ ሰው ደግሞ ጥሙ ቶሎ አይሰማውም። ስለዚህ ሐኪም ፊት የሚቀርበው ጥያቄ "መንዳት እችላለሁ?" ብቻ ከሆነ ሐኪሙ የሚያስበው መኪና ነው። "ሞተር ሳይክል" ብሎ በስሙ መጥራት ይሻላል።

የሚጥለው ክብደት ነው

ከባድ ሞተር ሲሮጥ ክብደቱ አይሰማም፤ እንዲያውም ከቀላሉ ይልቅ የተረጋጋ ይመስላል። ከሻጩ ደጃፍ ተነሥቶ የሚደረገው አጭር ሙከራ ገዢን የሚያታልለው ለዚህ ነው። ክብደቱ የሚመጣው ሲቆም ነው፦ ነዳጅ ማደያ ላይ፣ ተዳፋት ላይ ሲያቆሙት፣ በጠባብ ቦታ ሲያዞሩት፣ እግር የረገጠው መሬት ጠጠር ሆኖ ሲንሸራተት። ቀጥ ብሎ የቆመ ሞተር በሁለት ጣት ይያዛል። ጥቂት ሲያዘነብል በአንድ እግር ይደገፋል። ከአንድ ወሰን በኋላ ግን ማንም አያቆመውም። ወሰኑ በ170 ኪሎና በ370 ኪሎ ሞተር መካከል፣ በ30 እና በ65 ዓመት ጉልበት መካከልም ይለያያል። ያን ጊዜ ትክክለኛው ነገር ለቆ መራቅ ነው። ብዙ ገንዘብ የወጣበትን ንብረት ግን ማን በፈቃዱ ይለቃል? ይታገላል። ወገቡ ይጠመዘዛል፣ ትከሻው ይወልቃል፣ ወይም እግሩ ከሥር ይቀራል። ይህ ሁሉ በዜሮ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው፤ ወደ ትልቅ አደጋ መዝገብ አይገባም፤ ለ63 ዓመቱ ሰው ግን የመንዳት ዘመኑ መጨረሻ ሊሆን ይችላል።

ክብደቶቹን ጎን ለጎን ማየት ጥሩ ነው። ለረጅም ጉዞ ምቾት የተሠራው ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ቱር ከ360 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ አምራቹ ራሱ ችግሩን አውቆ በዝግታ ወደ ኋላ የሚሄድበት ስልት ገጥሞለታል። የሃርሊ ዴቪድሰን ትልልቅ የጉዞ ሞተሮች ከ350 ኪሎ በላይ ናቸው። ቅድም የጠቀስነው የቢኤምደብሊው ጂኤስ 237 ኪሎ ነው፤ ክብደቱ ከነዚህ ቢያንስም ኮርቻው ከመሬት 850 ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፣ ይህም ለአጭር ሰው ሌላ ፈተና ነው። በሌላው ጫፍ ሮያል ኤንፊልድ ክላሲክ 350 አለ፤ 195 ኪሎና 20 የፈረስ ጉልበት። ትራያምፍ ስፒድ 400 170 ኪሎ ሆኖ 40 የፈረስ ጉልበት አለው። ሆንዳ ሬብል 500 ደግሞ ወደ 190 ኪሎ ይጠጋል፣ ኮርቻው 690 ሚሊ ሜትር ላይ ስለሆነ አብዛኛው ሰው ሁለቱንም እግሩን አስተካክሎ መሬት ይረግጣል።

አርባ የፈረስ ጉልበት ለአንድ ሰው፣ ከኋላ ሌላ ሰው ቢጨመርም፣ ሕጋዊ ፍጥነት ባለበት መንገድ ሁሉ ይበቃል። "አነሰኝ" የሚል ሰው በአብዛኛው የሚያወራው ስለ መንገዱ አይደለም፤ አጠገቡ ስለሚቆመው ጓደኛው ሞተር ነው።

በሻጩ ዘንድ መደረግ ያለበት የመጀመሪያ ፈተና መግፋት ነው። ሞተሩ ሳይነሣ፣ ጠንካራ ጫማ አድርጎ፣ ከቆመበት ወደ ኋላ ስቦ ማውጣት፣ ሙሉ ክብ ማዞር፣ ወደ ቦታው መመለስ። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ሞተሩ አንዴ እንኳ ወደ ጎን "ልሂድ ልሂድ" ካለ መልሱ ተገኝቷል። ከዚያ እግርን በኮርቻው ላይ ማሻገር ይመጣል። ዳሌው የሚያመው ሰው ይህን በቀን አሥር ጊዜ እንደሚያደርገው ያስብ፤ ከኋላ ሣጥን ሲጫንበት ደግሞ የሚሻገረው ከፍታ ይጨምራል። ብቻውን ቆሞ ሚዛኑን የጠበቀው ሞተር የትዳር ጓደኛ ከኋላ ስትወጣ ሌላ ፍጥረት ነው፤ የተጨመረው ክብደት ከፍ ብሎ የሚቀመጥ ነውና። ብዙ ሰው የማያነበው የአምራቹ መመሪያ ላይ የጭነት ጣሪያ ተጽፏል፤ ያ ቁጥር ነጂውን ራሱንም የሚጨምር ስለሆነ፣ ሁለት ደልደል ያሉ ሰዎችና ሁለት ሻንጣ ሳይታሰብ ያልፉታል።

ታዲያ ከባዱ ሞተር ለምን ይሸጣል? አንዱ ምክንያት ገንዘቡ የሚገኝበት ጊዜ ነው። በ25 ዓመቱ የተመኘው ሰው አቅም አልነበረውም፤ በ58 ሲያገኝ የሚገዛው የዚያን ጊዜ ምኞቱን ነው። ሌላው ትልቅ ሞተር ለአምራቹም ለሻጩም የተሻለ ትርፍ ያለው መሆኑ ነው። ሃርሊ ዴቪድሰን በዚህ ትውልድ ላይ ቆሞ በ2006 ወደ 350 ሺህ የሚጠጉ ሞተሮችን ወደ ገበያ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከግማሽ በታች ወርዷል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ደንበኞቹ ማርጀታቸውና ተተኪ አለማግኘታቸው ነው። በ2023 ሃርሊ ከሕንዱ ሂሮ ጋር ኤክስ440ን፣ ትራያምፍም ከባጃጅ ጋር ባለ 400 ሲሲዎቹን ለገበያ ያቀረቡት ወጣቱን ሕንዳዊ ገዢ ፍለጋ ነበር። የሚገርመው፣ ለ25 ዓመት ወጣት ታስቦ የተሠራው ሞተር ለ60 ዓመት ሰው ጉልበትና ዳሌ ልክ ሆኖ መገኘቱ ነው።

እኔ የምመክረው በሚገዙበት ቀን ላለው ሰውነት ሳይሆን ስምንትና አሥር ዓመት ቆይቶ ለሚኖረው መግዛት ነው። በ58 ከብዶም የሚቻለው ሞተር በ66 ጋራዥ ውስጥ ሸራ ለብሶ ይቀመጣል። በ58 "ትንሽ ቀለለኝ" የተባለው ግን በ66ም ከጋራዥ ይወጣል።

ገንዘቡ የት ይግባ?

ከሞተሩ የተረፈው ገንዘብ መሄድ ያለበት ወደ ሦስት ቦታ ነው፤ መጀመሪያው ፍሬን ነው። ጎማ ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚከላከለው ኤቢኤስ በሞተር ላይ ከመኪና የበለጠ ዋጋ አለው፤ የመኪና ጎማ ሲቆለፍ መኪናው ይንሸራተታል፣ የሞተር የፊት ጎማ ሲቆለፍ ሰውዬው መሬት ላይ ነው። የአሜሪካ የሀይዌይ ደኅንነት ኢንሹራንስ ተቋም አንድ ዓይነት ሆነው ኤቢኤስ ያላቸውንና የሌላቸውን ሞተሮች አነጻጽሮ፣ ባላቸው ላይ ለሞት የሚያደርስ አደጋ በ22 በመቶ ያነሰ መሆኑን አግኝቷል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2016 ጀምሮ ከ125 ሲሲ በላይ ለሆኑ አዳዲስ ዓይነቶች ግዴታ አድርጎታል። ኩርባ ውስጥ አዘንብሎ እያለም የሚሠራው የረቀቀው ዓይነት በ2014 በኬቲኤም 1190 አድቬንቸር ላይ ከታየ በኋላ ወደ ሌሎችም ወርዷል። በድንጋጤ ፍሬን አጥብቆ የሚይዘው እጅ በአብዛኛው ለዓመታት ያልሠለጠነ እጅ ስለሆነ፣ ተመላሹ ነጂ ኤቢኤስ የሌለውን አሮጌ ሞተር ለትዝታ ሲል ባይገዛ ይሻላል።

ጣቱ ፍሪሲዮን ለሚከብደው ሰውም መላ ተገኝቷል። ሆንዳ በ2010 ነጂው በእጁ ሳይይዝ ራሱ በሚሠራ ባለ ሁለት ፍሪሲዮን አውቶማቲክ ማርሽ ጀመረ፤ በ2024 ደግሞ ያማሃና ቢኤምደብሊው የራሳቸውን አቀረቡ። ድሮ "እውነተኛ ሞተረኛ ፍሪሲዮን ይይዛል" የሚሉ ነበሩ፤ ዛሬም አሉ፤ ጉልበታቸው ደኅና ይሁንላቸው።

ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብቻ አይይ። ጡረተኛ ከጡረተኛ ሲገዛ የሚያጋጥመው ብዙ ያልተነዳ፣ ግን ለዓመታት የቆመ ሞተር ነው። የጎማው ጎን ላይ የተጻፉት አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2316 ማለት በ2016 23ኛ ሳምንት ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም በዕድሜ ደርቆ መንገድ ላይጨብጥ ይችላል። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ የሚቀየር ነው፤ መቼ እንደተቀየረ ሻጩ ካላወቀ አልተቀየረም ብሎ መያዝ ነው።

ሁለተኛው ልብስ ነው። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለው ድርጅት የተለያዩ አገሮችን ጥናቶች አሰባስቦ ሄልሜት የመሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አስልቷል። አገጭን የሚሸፍነው ይመረጣል፤ አንገቱ ለደከመ ሰው ደግሞ ከሁለት ጥሩ ሄልሜቶች ቀለል ያለውን መውሰድ። በዚህ ዕድሜ ግን እኔ አብዝቼ የማነሣው በአየር የሚነፋውን ጃኬት ወይም ሰደርያ ነው። በሞቶ ጂፒ ውድድር ከ2018 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል፤ ለተራው ነጂ የሚሸጠውም በአደጋ ቅጽበት ተነፍቶ ደረትን፣ ጀርባን፣ አንዳንዱም አንገትን ያቅፋል። የብራውን ጥናት ውስጥ ያለውን ልዩነት ያስታወሰ ሰው ይህ መሣሪያ ከማንም በላይ ለማን እንደሚያስፈልግ አይጠፋውም።

ሦስተኛው ሥልጠና ነው፤ በጣም የሚረሳውም እሱ ነው። በ1981 የወጣውና በሃሪ ኸርት የሚመራ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ያካሄደው ጥናት በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ ሄዶ መርምሯል። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 በመቶው በራሳቸው ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ የተማሩ ነበሩ። ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር በተደረጉት ግጭቶች ከሦስቱ በሁለቱ ጥፋቱ ለሞተሩ ቅድሚያ የነፈገው ሌላው አሽከርካሪ ነበር። ነጂው ለማምለጥ የሚያገኘው ጊዜ ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ በዚያች ጊዜ ብዙዎቹ የኋላ ፍሬን ረግጠው የፊቱን ረስተዋል፣ ዋናው የማቆም ኃይል ያለው ግን የፊቱ ላይ ነው። ጥናቱ ከ40 ዓመት በላይ ቢሆነውም ይህ ነጥብ አላረጀም። ሁለት ሰከንድ ለማሰብ አትበቃም፤ እጅ ራሱ ማወቅ አለበት። ለእጅ የሚያስተምረው ደግሞ ባዶ ሜዳ ላይ ከአሠልጣኝ ጋር የሚደረግ ድግግሞሽ ነው። 30 ዓመት ያቋረጠ ሰው መንጃ ፍቃዱ በሕግ የጸና ቢሆንም ከጀማሪ ጋር ቢሰለፍ አያንሰውም። እንዲያውም ሞተሩን ሳይገዛ ቢሠለጥን፣ በማሠልጠኛው ሞተር ላይ ስለ ጉልበቱና ስለ ዳሌው የሚያውቀው ነገር ምርጫውን ይቀይረዋል።

ጥቅሙስ?

እስካሁን ስለ ጉዳት ብቻ ስለጻፍኩ፣ ታዲያ ለምን ይነዳል የሚል ይኖራል። በጃፓን የቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሪዩታ ካዋሺማ መንዳት ካቆሙ ከ10 ዓመት በላይ የሆናቸውን ጎልማሳ ወንዶች ለሁለት ወር ያህል በዕለት ኑሯቸው ሞተር እንዲነዱ አድርጎ፣ በአእምሮ ፈተና ከማይነዱት የተሻለ ውጤት እንዳመጡ ገልጿል። ሥራው ከያማሃ ጋር የተሠራና የተሳታፊዎቹ ቁጥርም ጥቂት ስለሆነ ብዙ አልደገፍበትም። ነገር ግን ሥራው ምን እንደሚጠይቅ ሲታሰብ አይገርምም፤ ሁለት እጅና ሁለት እግር ለየብቻ ይሠራሉ፣ ዐይን ያለማቋረጥ ይቃኛል፣ ስልክ የለም፣ ሬዲዮ የለም። ሥራ ያቆመ ሰው ቀን ውስጥ እንዲህ ያለ ሙሉ ትኩረት የሚፈልግ ነገር ብዙ አያገኝም። ከጉዞ በፊት ዘይትና ጎማ የማየቱ፣ ሰንሰለት የማጽዳቱና የመቀባቱ ሥነ ሥርዓትም ለአንዳንዱ ከጉዞው እኩል ይጣፍጣል።

የማቆሚያው ቀን ግን ይመጣል፤ ምልክቶቹም ይታወቃሉ። መኪናው "ከየት መጣ" የሚያሰኝ ድንጋጤ መደጋገም፣ ፍሬቻ ሳያጠፉ መሄድ፣ በለመዱት መታጠፊያ ሰፍቶ መውጣት፣ ከጉዞ በኋላ ቀኑን ሙሉ መዛል። ነጂው ራሱ እነዚህን የሚያይበት ዐይን ደካማ ስለሆነ፣ አብሮት የሚነዳ አንድ ሰው አስቀድሞ ፈቃድ ቢሰጠው፣ "የዚያን ቀን ንገረኝ፣ አልቆጣህም" ቢለው ጥሩ ነው። ዘመድ የሚናገረው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስለሆነ አይሰማም፤ አብሮ የሚነዳው ሲናገር ይሰማል።

በመካከል ያለ መንገድም አለ፤ ሦስት ጎማ። እዚህ ላይ ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። ከ2006 ጀምሮ የተሸጠው ፒያጆ ኤምፒ3 ከፊት ሁለት ጎማ ቢኖረውም እንደ ተራ ሞተር ወደ ኩርባው ያዘነብላል፤ ስለዚህ የድሮው ልማድ ይሠራል። በ2007 የመጣው ካን-አም ስፓይደርና የሃርሊ ባለ ሦስት ጎማ ትራይ ግላይድ ግን አያዘነብሉም። በሁለት ጎማ ላይ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የመሪውን ቀኝ እጀታ ወደ ፊት እንገፋለን። በነዚህ ላይ ያው ግፊት ወደ ግራ ይወስዳል፤ ሰውነትንም በኩርባው ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ሙሉ በሙሉ በእጅና በወገብ ላይ ይወድቃል። ቆሞ የመውደቅን ሥጋት በእርግጥ ያስወግዳሉ። 40 ዓመት በሁለት ጎማ የነዳ ሰው ግን በነዚህ ላይ ከማንም ጀማሪ የበለጠ ይሳሳታል፤ ሊያፈርሰው የሚገባ ልማድ አለውና። ስለዚህ የሚገዛው ሰው ከመጀመሪያው ቀን በፊት ለዚያው ዓይነት ተብሎ የተዘጋጀ ሥልጠና ይፈልግ።